የመምህር ሊባኖስ ‹እባክህ›

«ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ ‹እባክህ› በሉ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳን፣ አላላትም! ታድያ ለማን ነው ሳስተምር የኖርኩት? ንገረኝ እስቲ ሃበን! ለጥቁር ሰሌዳው ነው?»

«መምህር ቀስ ይበሉ፣ ወረቀቱ እየበረረ ነው።»

«ይብረር! ገደል ይግባ!»

መምህር ሊባኖስ ሲቆጡ ድምፃቸው መጀመሪያ ይወፍርና መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ይቀጥናል። እኔ ይቺን ድምፅ አሳምሬ አወጣታለሁ፤ አስመራ፣ ሰፈራችን ዓባ ሻውል ውስጥ ሳሰማት ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። ያን ቀን ግን ፊት ለፊቴ ስትወጣ አላሳቀችኝም። አልጋቸው ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ ብጣሽ ወረቀት ተደርድሯል። በየብጣሹ ላይ ሰው የተናገራት አንዲት መስመር አለች። እሳቸው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልጋው አጠገብ ቆመዋል፤ ሬሳ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

ባለቤታቸው ኣብርሄት በሩ ላይ ፎርኔሎዋን፣ የከሰል ምድጃዋን፣ እያራገበች ነበር። ከክር ፋብሪካ ቆማ ውላ መምጣቷ ነው።

«እናንተ!» ብላ በትግርኛ ጮኸች፣ «ዛሬም ወንበር ላይ ነው የማድረው?»

«ዛሬ ይነሳል!» አሉ መምህር። «ሁሉም ይነሳል። ለፎርኔሎሽ ማቀጣጠያ ይሆንሻል።»

ከምራቸው ነበር። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ።

ይሄ የሆነው የነጻነቱ ሪፈረንደም ባለፈ በዓመቱ ነው። እኚህን ሰውዬ ግን ከልጅነቴ ነው የማውቃቸው። የአንድ ግቢ ሰዎች ነን፤ አማርኛም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን እስክተወው ድረስ። እኛ እዚህ አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ነው፣ እጃችንን ግን በአማርኛ። ለዚህ ነው እኔና መምህር ስንጫወት በትግርኛ፣ ስንጣላ በአማርኛ የምንሆነው። ከክፍል የቀረ ልማድ ነው።

ክፍል ውስጥ እንዴት እንደነበሩ ልንገራችሁ። በብስክሌት ይመጣሉ፣ የሱሪያቸውን እግር በልብስ መቆንጠጫ ይዘው። ጠመኔውን በወረቀት ይጠቀልሉታል፣ ጣታቸው እንዳይነጣ። ይቺ ‹እባክህ› የምትባል ቃል ደግሞ የክፍላቸው መግቢያ ቲኬት ናት። እርሳስ ትፈልጋለህ? እባክህ። ሽንት ቤት ትሄዳለህ? «ምን ይባላል?» ብለው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ዘርዓይ የሚባል ወፍራም ልጅ ነበር፤ አንድ ቀን ጉልበቱን አጣብቆ ተነስቶ «እባክዎ መምህር፣ ወደ ውጭ እንድወጣ…» እያለ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሱሪው ረጠበ። መምህር ግን አልተቆጡትም። ካፖርታቸውን አውልቀው ወገቡ ላይ አስረው ራሳቸው ወደ ቤቱ ሸኙት። በነጋታው ደግሞ ያው ናቸው፤ «ምን ይባላል?»

ምክንያቷን የነገሩኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባታቸው ፎርቶ ኮረብታ አጠገብ የጣልያን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ጎሚና የሚለጥፉ ሰው ነበሩ። «አባቴ ጣልያንኛ ይችላል ብለን እንኮራበት ነበር» አሉኝ። «ትልቅ ስሆን ሳዳምጠው፣ የሚያውቀው ‹ና›፣ ‹ሂድ›፣ ‹ቶሎ›፣ ‹ዝም› ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ቋንቋ ‹እባክህ› ያለው ሰው የለም፤ ስለዚህ ቃሏን አያውቃትም። እኔ አስተማሪ ስሆን ማልኩ። የሰው አገር ቋንቋ ካስተማርኩ ትእዛዙን ብቻ አላስተምርም አልኩ።»

ነጻነት ሲመጣ እንደ ሁላችንም ጨፈሩ። ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ጫማቸው ጠፍቶ በካልሲ ነው ቤት የገቡት። ከዚያ አማርኛ ከትምህርት ቤት ወጣ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ብቻ የሚያስተምሩት ነገር አልነበረም። የመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ አስቀመጧቸው። ያስተማሩባቸውን መጻሕፍት አቧራ ሲያራግፉ ውለው ይመጣሉ።

በኋላ ለድሮ የአማርኛ መምህራን ሥልጠና ተከፈተ። የቋንቋ ጥናት ነው። ያለፈ በጥናት ክፍሉ ይቀጠራል፣ ያላለፈ ይሰናበታል። የምታሰለጥናቸው ዶክተር ፍረወይኒ ትባላለች፤ ከውጭ አገር የተመለሰች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። መምህር መጀመሪያ ቀን ሲመለሱ ዐይናቸው ያበራ ነበር።

«ሃበን ስማኝ፣ ኮርፐስ የሚባል ነገር አለ። የቋንቋ ሰው ምሳሌ ከጭንቅላቱ አያወጣም። ሰዎች ሳያስቡት የተናገሩትን ይቀዳል፣ ይጽፋል፣ ያከማቻል፤ ኮርፐስ ማለት ያ ክምችት ነው። ከዚያ አንድ ቃል ትመርጣለህ። ቃሉ ያለበትን መስመር ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ትጽፋለህ፣ ቃሉን መሃል ታደርጋለህ፣ አንዱን ካንዱ በታች ትደረድራለህ። ከዚያ አፍህን ዘግተህ ታያለህ። በግራው ማን አለ? በቀኙ ማን አለ? ቃሉ ራሱ ከማን ጋር እንደሚውል ይነግርሃል።»

«ኮምፒዩተር አይሠራውም?»

«አንድ አለ። ፊደላችንን ገና አልለመደም። እኛ በመቀስ ነን።»

ለጥናታቸው የመረጡት በአስመራ ሰው አፍ የቀረውን አማርኛ ነው። ቃላቸውስ? ሌላ ምን ይሆናል።

የካሴት መቅጃ ተሰጣቸውና ዓባ ሻውልን ቤት ለቤት ያዙት። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳያቸው አለቀስኩ፣ በሳቅ ነው ደግሞ። መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ቀይ መብራቷ ትበራለች፣ «እባክዎ እናቴ፣ በአማርኛ ይናገሩ» ይላሉ። ሰው እንዴት ይናገር? ከጥቂት ዓመት በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ቤትህ ከገባ ምን ማለት ነበር? አንዱ ሽማግሌ ተነስተው እንደ ራዲዮ ንግግር አደረጉ። አንዷ እናት ደግሞ «ዋእ! አማርኛ? እኔ? እንኳን ልናገረው ሰምቼውም አላውቅ!» አሉ፤ ይሄንን ያሉት ውልፍት በማይል አማርኛ ነው።

ትንሽ ቃል የሚወጣቸው ሰዎች ሲያገኙ ደግሞ የማስተማር አመላቸው ተነሳ። ሰውዬው «ውሃ ስጠኝ እላለሁ» ሲል፣ እሳቸው «‹እባክህ ውሃ ስጠኝ› ቢባል ይሻላል» ይላሉ። ካሴቱ ይዞራል፣ እሳቸው ያርማሉ። እኔ ዝም አልኩ፤ ሥልጠናው እንደዚያ መስሎኝ።

ብጣሾቹን ሲደረድሩ አልጋው አልበቃቸውም። «አየህ? አለች! ሞልታለች!» ብለው አቀፉኝ። በነጋታው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ።

የሆነውን ሲመለሱ ራሳቸው ነገሩኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ዶክተሯ የመጀመሪያውን ብጣሽ አንስታ «ይሄን የተናገረው ማን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ።» «ይሄንንስ?» «እኔ።» «ይሄኛውስ?» ሦስተኛው ላይ አቀረቀሩ። ክፍሉ ሙሉ የድሮ መምህራን ነው፤ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም ይላሉ። «መምህር» አለቻቸው፣ «የሰበሰቡት ራስዎን ነው። የራስዎን ድምፅ ሁሉ ያውጡና የቀረውን ያምጡልኝ።» ሲያወጡት የቀረ ነገር አልነበረም። እስከ ዓርብ ሌላ ይዘው ካልቀረቡ ሥልጠናው አበቃላቸው።

ያን ዕለት ማታ እህል አልቀመሱም። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆይተው ጠሩኝ።

«ሃበን፣ ሰው ካንተ ጋር ለምንድነው እንዲህ የሚያወራው?»

«ስለማላርመው ይሆናል መምህር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮዬን ይዘው ነበር። ያኔ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሰደኝ» አሉ።

የወሰድኳቸው ኣቦይ ተስፋልደት ሻሂ ቤት ነው። መቅጃውን ሁሉም የሚያየው ቦታ፣ ከስኳሩ አጠገብ አደረግነው። ለምን እንደሆነ ነገርናቸው፤ ያልፈለገ ካለ እናጠፋዋለን አልን። ኣቦይ ተስፋልደት «የምንደብቀው ነገር ሁሉ አልቋል፣ ቅዱ» አሉ። መምህር ጥግ ተቀምጠው መሐረብ አፋቸው ላይ አደረጉ። የተስማማነው እንደዚያ ነው፤ አይናገሩም።

ሻሂ ቤቱ ጸጥ አለ። ማንኪያ እንኳን አይንኳኳም።

እኔ ምን ላርግ? የማውቀው አንድ ሥራ ነው። ተነሳሁ፣ የኣቦይ ተስፋልደትን ማሰሮ ክዳን ራሴ ላይ ደፋሁ፣ ሆዴን አስቀደምኩ፣ ያን የድሮውን ፌርማታ ላይ የሚቆም አስር አለቃ ሆንኩ። «ቁም! አንተን እኮ ነው! ወዴት ነው? መታወቂያ!»

በአንድ ጊዜ ፈነዳ። «እሱ ነው! ራሱ ነው!» አሉ። አንዱ «አይ፣ እንዲህ ነበር የሚለው» ብሎ ተነሳ፣ ሌላው «እኔንማ አንድ ቀን…» ብሎ ጀመረ። ማንም መቅጃውን አያስታውስም። ሲያወሩ በትግርኛ ነው፣ ወታደሩ ሲናገር በአማርኛ፣ እየሳቁ፣ ጭን እየመቱ። አማርኛውም እዚህ አገር እንደሚነገረው ነው፣ ‹ዐ› የምትባለዋን ፊደል ከጉሮሮ ጎትቶ የሚያወጣ። ካሴት ሞልተን ሌላ ጨመርን። መምህርን ዞር ብዬ ሳያቸው መሐረቡን ነክሰውታል፣ እንባቸው ይፈስሳል። የሳቅ መሰለኝ። እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

እንግዲህ አልጋው ላይ የተደረደረው ያ ነው። ‹እባክህ› የለችም። መምህር ካሴቱን ደጋግመው ሰሙ፤ የለችም። ከዚያ እንደተማሩት አደረጉ፤ ብዙ የመጣውን ቃል መሃል አድርገው ደረደሩ። ብዙ የመጣው ‹ቁም› ነበር። በጣታቸው አሳዩኝ።

ከፌርማታው ስወርድ   ቁም!   ሲለኝ፣ በጃኻ ወደይ፣ ልጄ ታሞ ነው አልኩት
ዳቦዬን ይዤ   ቁም!   አውርድ! አለ፣ ኧረ በጃኻ፣ በጃኻ
እናቴን እንኳን   ቁሚ!   ብሏት፣ በጃኻ ሓወይ ስትለው

«በግራው ምን አለ? ሰው፣ በመንገዱ የሚሄድ» አሉ መምህር፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «በቀኙስ? በጃኻ። እስከ ግርጌ ድረስ እየው፣ በጃኻ፣ በጃኻ።»

በጃኻ ማለት በእኛ በትግርኛ ‹እባክህ› ማለት ነው፤ ወደይ ‹ልጄ›፣ ሓወይ ‹ወንድሜ›።

«ትእዛዙን በአማርኛ ይዘውታል፤ ከወታደሩ። ልመናውን በትግርኛ፤ ከእናታቸው። በመሃሉ እኔ የት ነበርኩ? እነዚህ ሰዎች ግማሾቹ ልጆቼ ናቸው ሃበን፣ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል። አባቴን ነው ያሳደግኩት! ሃያ ዓመት አባቴን መልሼ መላልሼ አሳደግኩት!»

«መምህር፣ ይሄ ግን ለዶክተሯ ወርቅ ነው እኮ። ማንም እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አልሄደም።»

«ወርቅ? እነዚያ ሁሉ መምህራን ፊት ቆሜ፣ ያስተማርነው ሁሉ ሜዳ ቀረ ብዬ ላንብብላቸው? ተወኝ። አልሄድም።»

«ካልሄዱ ያስወጡዎታል።»

«ያስወጡኝ።»

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ይሻል ነበር። አልያዝኩም። «ደግሞስ» አልኩ፣ «እኔ ወታደር ሆኜ ስለጀመርኩ ነው ሰው ስለ ወታደር ያወራው። የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ብሆን ኖሮ ስለ ዳቦ ነበር የሚያወሩት።»

ከብጣሾቹ ቀና አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ባትስቁ ይሻላል የምትሉት ዓይነት ሳቅ። «እንግዲያው የሰበሰብኩት አንተን ነው! መጀመሪያ ራሴን፣ አሁን አንተን! ሰው የት አለ? በዚህ ከተማ ሰው የለም?» ብጣሾቹን በእቅፋቸው አፍሰው ወደ ፎርኔሎው ሄዱ።

ኣብርሄት አልጮኸችም። ድስቷን ከፍም ላይ አላነሳችም፤ ብቻ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ዓርብ ካልሄድክ» አለች፣ «ቅዳሜ ምን ትሆናለህ?»

መምህር ወደ ፍሙ ጎንበስ አሉ።

«ወንድምህ ሱቅ ትሄድና ስኳር ትመዝናለህ። እሺ፣ መዝን። ግን በየቀኑ ማታ ያለቀስክባትን ቃል ይዘህ ነው የምትመጣው። እኔ ከእሷ ጋር አልኖርም።»

ወረቀቱን እንዳቀፉ ቆመው ቀሩ። አንድ ብጣሽ ወደቀና አነሳሁት።

«መምህር፣ እንወራረድ።»

«ዞር በል።»

«ከተማሪዎችዎ አንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እኔም ሳላስመስል፣ እርስዎም ሳያርሙ፣ ‹እባክህ› ካለ ዓርብ ይሄዳሉ። ቃሏ ያለችበትንም የሌለችበትንም፣ ሁሉንም ያነባሉ።»

«አይልም።»

«ካላለ እኔ…» ምን አለኝ? ያለኝ አንድ ነገር ነው። «ካላለ የእርስዎን ድምፅ ዳግመኛ አላስመስልም። ሰው ቢለምነኝ፣ ቢከፍለኝ፣ አላስመስልም። በቃ።»

ኣብርሄት ከፎርኔሎው «ይሄማ ከባድ ነው፣ ልጁ በምን ይኖራል?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህር ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ከአዲስ አበባ የመጡት፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ያሉት፣ አይቆጠሩም» አሉ። «እነሱን እናታቸው ናት ያስተማረቻቸው። የእኔ ልጅ መሆን አለበት።»

«የእርስዎ ልጅ።»

«አንድ ካሴት ብቻ።»

«አንድ ካሴት።»

እጅ ተመታታን። 

ከፎርቶ ኮረብታ በታች ካራምቦላ ያለበት ባር አለ። የእኛ ክፍል ልጆች ማምሻቸው እዚያ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሲጫወቱ ያደጉ ስለሆኑ፣ እንጨቱን ሲይዙ ሳይታወቃቸው ወደ አማርኛ ያልፋሉ፤ መሰዳደቡ በእሱ ይጣፍጣቸዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ሱሪው የረጠበበት ዘርዓይ ዛሬ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፣ ትከሻው በር አያስገባውም። መምህርን ሲያይ ሲጋራውን ከጀርባው ደበቀ።

«ቅዱ መምህር፣ ምን ችግር አለው» አለ። «እኛ ግን ከጨዋታ ሌላ ወሬ የለንም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አሉ መምህር። መቅጃውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ያዙ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ምላሴን ነከስኩ። እኔ ዝም ስል ምን ያህል እንደሚያመኝ አታውቁም።

ጨዋታው ጀመረ። መንግስትኣብ የሚባለው ቀጭን ልጅ መታ፣ ሳተ።

«ዐይን የለህም እንዴ!» አለ ዘርዓይ።

«ዝም በል አንተ፣ ጠረጴዛው ነው የተጣመመው።»

«የተጣመመውስ አያትህ ናቸው።»

«ሂድ ወደዚያ! ተራዬን አትንካ!»

ዝም በል። ሂድ። አትንካ። መምህር ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ በአንድ ሲነሳ አየሁ፤ በልባቸው ብጣሽ እየደረደሩ ነው። ዘርዓይ እጁን ዘርግቶ «ጀሶ!» አለ፤ የእንጨቱን ጫፍ የሚቀቡበትን ማለቱ ነው። መምህር ዐይናቸውን ገለጡ።  መንግስትኣብ ምንም ሳይል ወረወረለት፣ ዘርዓይም ምንም ሳይል ቀለበው።

ከመሐረቡ ስር አንድ ድምፅ ወጣ። ‹ምን ይባላል› ልትወጣ ነበር፤ አውቃታለሁ። እጃቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳቸው። ዋጧት። አንገታቸው ላይ ስትወርድ ታየችኝ።

ቀጠሉ። ሳቁ፣ ተሰዳደቡ፣ ቢራ መጣ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ከጠረጴዛው እግር ደረሰች። ከዚያ ቀጭ አለ። ካሴቱ አንድ ገጹን ጨርሶ ቆመ።

መምህር መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።  «በቃ» አሉ ቀስ ብለው፣ በትግርኛ። «አላለም። ተረታህ ወደይ።»

«አንድ ካሴት ነው የተባባልነው» አልኩ። «ሁለት ገጽ አለው።»

ዘርዓይ ተራው ደርሶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ሆዱ ሸሚዙን አልፎ ወጥቷል። ጀሶው ተመልሶ መንግስትኣብ ኪስ ገብቷል፤ ዘርዓይ መጠየቁ አይቀርም። መምህር እሱን አዩ፣ ካሴቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ። እጄን ወደ መቅጃው ስዘረጋ ገፉኝ። ካሴቱን ራሳቸው አወጡት፣ በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉት፣ ገለበጡት። ቀይዋ መብራት በራች። መሐረባቸውን መልሰው አወጡ።